ለወፍ ፎቶ ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሀል አዲስ አበባ ላይ ወፍ ለማንሳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግዮን ሆቴል ግቢ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ዛፍ ባለበት ሁሉ ወፍ አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙት ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትናንሽ በቀቀኖች እንኳ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይታያሉ። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ቤት ሲታይ ነው። ወፏ ነጥብ ታክላለች፣ ወይ ብዥ ብላለች። ያኔ "ካሜራ ልቀይር" ይመጣል። ብዙ ብር የሚጠይቅ ውሳኔ ስለሆነ በቅድሚያ እነዚህን እዩ።

የተበላሸውን ፎቶ ሳይመረምሩ መወሰን

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። የተበላሹትን ቶሎ አታጥፏቸው። ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ ምክንያቱን ለዩ። ወፏ ብዥ ብላ ከኋላዋ ያለው ቅርንጫፍ ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ክንፏ ብቻ ከተጎተተ ደግሞ ሹተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ፍጥነት) ዝቅ ብሏል። ለተቀመጠች ወፍ 1/500 ሰከንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሚበር ጭልፊት ግን ወደ 1/2000 መጠጋት አለባችሁ። ለዚህ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ቢል አትፍሩ። ኖይዝ (የአሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ) ያለበት ፎቶ በኮምፒውተር ይሻሻላል፤ ብዥ ያለውን ግን ማዳን ከባድ ነው።

ሌንሱን ትቶ ቦዲ መቀየር

ወፏ ትንሽ ሆና ከታየች ጥፋቱ የቦዲው፣ ማለትም ሌንስ የሌለው የካሜራው አካል፣ አይደለም። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለወፍ አይሆንም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነው ሌንሱ ሩቁን የሚያቀርበው። 300 ሚሊ ሜትር መነሻ ነው፣ ከ400 በላይ ሲሆን ደስ ይላል። በኔ እምነት አሮጌ ቦዲ ላይ የተገጠመ 150-600፣ ውድ ቦዲ ላይ ካለ አጭር ሌንስ ሁሌም ይበልጣል። ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ ካላችሁ 70-200ውን ለአንድ ጠዋት ተዋሱትና ልዩነቱን ራሳችሁ እዩት።

በሜጋፒክስል መማረክ

ከ24 ወደ 45 ሜጋፒክስል መሄድ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ይመስላል። የወፏ ርዝመት በፒክስል ሲቆጠር ግን ጭማሪው 37 በመቶ ገደማ ነው። ከወፏ ጋር ያላችሁን ርቀት በግማሽ ብትቀንሱ ደግሞ ፎቶው ላይ አራት እጥፍ ቦታ ትይዛለች። የከተማ ወፎች ሰው ለምደዋል። አበባ ያለበት ቁጥቋጦ አጠገብ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ይመጣሉ።

"ካሜራ ምንም አይደለም" ማለት

ይህም ስህተት ነው። በአየር ላይ ያለ ወፍ ለማንሳት ቦዲው በጣም ይለያል። በ2020 የወጡት ካኖን አር5 እና አር6 የወፍ ዓይን ፈልገው ይከተላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ይህን ይዘው መጥተዋል። ግን መጀመሪያ የያዛችሁትን ካሜራ በተከታታይ ፎከስ ሞክሩት። ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ይህን አስተካክላችሁ፣ ሹተር ስፒዱም በቂ ሆኖ፣ ፎከሱ አሁንም የሚበረውን ወፍ ካመለጠው መቀየሩ ተገቢ ነው።

የቦዲውን ዋጋ ብቻ መያዝ

ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት) ስትሻገሩ አዳፕተር፣ ፈጣን ካርድና ተጨማሪ ባትሪ ይከተላሉ። ኢኤፍ የሚባሉት ለመስታወት ካሜራ የተሠሩ የካኖን ሌንሶች በአዳፕተር ጥሩ ይሠራሉ። ሞተር የሌላቸው የቆዩ የኒኮን ሌንሶች ግን ኤፍቲዜድ በሚባለው የኒኮን አዳፕተር ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። ሌንሳችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ብር አትቁጠሩ።

ያገለገለ ካሜራን ሱቅ ውስጥ ብቻ መሞከር

የሻጩን ፊት አንስቶ "ይሠራል" ማለት ለወፍ ምንም አይነግራችሁም። የራሳችሁን ሌንስና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ደጅ ውጡ፤ ፒያሳ ላይ እርግብም ጭልፊትም አይጠፋም። በተከታታይ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ስንቱ ጥርት እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ16 ላይ አጥብባችሁ ሰማዩን አንሱ፤ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ቆሻሻ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።