ለፎቶ ክፍል ሥራ ከተማ አትውረዱ

«የራሳችሁን ሕይወት በተከታታይ ፎቶ አምጡ» ከተባላችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መጀመሪያ ፒያሳ ሄጄ 200 ፎቶ አነሳሁ፤ አንዱም የኔ አይመስልም። በኋላ ዓይኔ እማዬ ውሃ የምታጠራቅምባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ላይ አረፈ። ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ታስሯል። እማዬ ፊቷን መነሳት አትወድም፤ እጇን ብቻ አነሳሁ፣ እሱ ይበልጥ ተናገረ።

እናንተም አንድ ነገር ምረጡና ለሁለት ሳምንት በአንድ ሌንስ ብቻ ተከታተሉት። በስልክ ከሆነ ዙም አታድርጉ፣ ራሳችሁ ጠጋ በሉ። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ፊት ላይ ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ቢጫ ነገር ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲነሳ ፎቶው ላይ ቶሎ ይነጣል፤ ስክሪኑን ነካ አድርጋችሁ የፎቶውን ብርሃን ትንሽ ቀንሱ።

ስትመርጡ ፎቶዎቹን በትንሽ መጠን አሳትማችሁ ወለል ላይ ዘርጉ። 10 ይበቃል። በጣም የምትወዱት ከሌሎቹ ጋር ካልሄደ ይውጣ። ያማል፣ አውቃለሁ። ጎረቤት ካነሳችሁ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ ቡና ላይ ቢሆን ደግሞ እሺ ማለታቸው አይቀርም።