በትንሽ ብር የሴቶች እግር ኳስን መደገፍ፦ ከሜዳው እስከ መዝገብ ቤቱ

የኢትዮጵያ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚኖሩት ከደጋፊ በሚሰበሰብ ገንዘብ አይደለም። አንዱ የባንክ፣ አንዱ የሠራዊት፣ ሌላው የከተማ አስተዳደር ወይም የክፍለ ከተማ ነው። ደመወዙም ጉዞውም ከባለቤቱ ተቋም በጀት ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ደጋፊ 50 ብር የቡድኑን ሒሳብ አይለውጠውም። በጀት ሲጠብ ግን «ለመሆኑ ይህን ቡድን ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ መልስ የታጣለት ቡድንም ቀድሞ ይፈርሳል። የብሔራዊ ቡድን አጥቂዋ ሎዛ አበራ ጎል ስታዘንብበት የነበረው፣ የሊጉን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሳው የደደቢት የሴቶች ቡድን ዛሬ የለም።

የቡድን ዕጣ በደጋፊ ብር አለመወሰኑ ገንዘብ ለሌለው ደጋፊ ጥሩ ዜና ነው። ትልቁ ሥራ ተመልካች መኖሩን በዓይን እንዲታይና በወረቀት እንዲሰፍር ማድረግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ከብር ይልቅ ጊዜና ወጥነት ነው።

1. አንድ ቡድን ብቻ ምረጡ

ሁሉንም ለመደገፍ የሚነሳ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱንም አይከታተልም። ለሰፈራችሁ ወይም ለትውልድ ከተማችሁ የሚቀርበውን ያዙ። ንግድ ባንክ ጠንካራው ነው፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን ማጣሪያን አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተካፍሏል። ድጋፍ ይበልጥ የሚቸግራቸው ግን ከሠንጠረዡ አጋማሽ በታች ያሉት የከተማና የክፍለ ከተማ ቡድኖች ናቸው።

ቀጥሎ መርሐ ግብሩን ያዙ። ሊጉ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ቡድኖቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ነው። የአዲስ አበባ ቡድን ለሳምንታት ሀዋሳ ወይም አዳማ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ የምታዩት ቀኑን ብቻ ሳይሆን ከተማውንና ሜዳውንም ይሁን። የፌዴሬሽኑን ገጽ፣ የክለቡን ገጽና የሴቶችን ሊግ በመደበኛነት የሚዘግበውን ሶከር ኢትዮጵያን ተከተሉ። በዋዜማው ማታ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ የሰዓት ለውጥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። በማስታወቂያው ላይ 8:00 ከተባለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ስልክ ላይ ከሰዓት በኋላ 2:00 (PM) ብላችሁ ካልመዘገባችሁት ማስታወሻው የሚጮኸው ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ወይም ለሥራ ስትለባበሱ ነው።

2. ሜዳ ስትሄዱ

ጨዋታዎቹ በሥራ ቀን ሊውሉ ስለሚችሉ ሁሉንም ማየት አይቻልም። በወር አንድ ጨዋታ፣ ግን አምስት ሆኖ መሄድ፣ ለብቻ በየሳምንቱ ከመመላለስ ይሻላል። ባዶ ደረጃ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ ሃያ ሰዎች አይታዩም፤ አንድ ቦታ የተቀመጡ አምስት ሰዎች ግን በተጠባባቂ ወንበሩም በካሜራውም ይታያሉ። ከተጠባባቂ ወንበሩ ፊት ለፊት ካለው ወገን ተቀመጡ፤ ቀረጻ ካለ ግን ካሜራው የት እንደተተከለ መጀመሪያ እዩና ከማዶው ሁኑ።

መግቢያ የሚከፈልበት ከሆነ ቲኬት ቁረጡ። «በር ላይ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ መግባት ቁጠባ ይመስላል፤ በክለቡ ሪፖርት ላይ ግን አንድ ተመልካች ቀነሰ ማለት ነው።

ከጨዋታው በፊት አሰላለፉን በስልካችሁ ያዙ። ተጫዋች ስሟ ሲጠራ የሚሰማት «አይዞሽ 7 ቁጥር» ከሚለው የተለየ ነው፤ ለግብ ጠባቂና ለተከላካይ ደግሞ ይበልጥ፣ የእነሱን ስም የሚጠራ ስለሌለ። ከበሮ ካላችሁ አንድ ይበቃል። ሁለት ከበሮ በሁለት ሰው እጅ ምት ያዛባል፣ ዜማውም በአስር ደቂቃ ውስጥ ይሞታል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በተጫዋቾች መልክና ሰውነት ላይ የሚወረወር ቃል። አንድ ሰው ከመካከላችሁ ሲጀምር ሌሎቹ ከሳቁ፣ ሴቶች ተመልካቾች በሚቀጥለው አይመጡም። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የሚጀምረውን ወዲያው አስቁሙ። ስለ ውሳኔ ዳኛን መቃወም የጨዋታው አካል ነው፣ «ሴት ስለሆነች ነው» ማለት ግን አይደለም። ሊዲያ ታፈሰን የመሰለች፣ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ያጫወተች ዳኛ ያፈራ አገር ነው።

3. መዋጮው

አሥራ ሁለት ሰው በወር 150 ብር ቢያዋጣ 1,800 ብር ይሆናል። እንደ እቁብ ቀን ቆርጣችሁ ሰብስቡ። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላ ሰው ይግዛ፤ ደረሰኙ በዚያው ቀን ፎቶ ተነሥቶ ቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ። መያዣውና መግዣው አንድ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ በሦስተኛው ወር ሐሜት ይጀመራል።

ምን እንደሚገዛ ከራሳችሁ አትወስኑ። የቡድን መሪዋን ወይም ወጌሻውን ጠይቁ፤ ወጌሻው ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለቀ ከማንም በላይ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት እነዚህ ናቸው፦

ሞዴስ። 25 ተጫዋች ላለው ቡድን ሙሉ ፍጆታውን መሸፈን በወር ወደ 50 ፓኬት ስለሚጠይቅ ከአቅም በላይ ነው። የሚቻለው ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ሣጥን ነው፦ 10 ፓኬት፣ በየወሩ የሚሞላ። ሣጥኑን የምታስረክበውም ሴት ትሁን።

ፕላስተርና ፋሻ። ቁርጭምጭሚት የሚታሰርበት የማይለጠጥ ስፖርት ፕላስተር ወርዱ 3.8 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። አንድ ጥቅል ለሁለት ወይም ለሦስት ቁርጭምጭሚት ያገለግላል። የመድኃኒት ቤቱ ቀጭን የቁስል ፕላስተር ይህን ሥራ አይሠራም፤ ላብ ሲነካው ይላቀቃል። ለጉዳት በረዶ በፌስታል ተደርጎ በጨርቅ ከተጠቀለለ ይበቃል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል፣ ራቁት ቆዳ ላይ ግን አይደረግም።

ውኃ። እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ለአንድ ተጫዋች በጨዋታ ቀን 1.5 ሊትር ብላችሁ አስሉ። ለ25 ሰው 37.5 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ትንንሾቹን ጠርሙሶች በደርዘን ከመግዛት በጣም ይረክሳል። እያንዳንዷ የራሷ ኮዳ እንዲኖራት ግን ያስፈልጋል፣ ካልሆነ አንዷ ጉንፋን ስትይዝ ሁሉም ይይዛቸዋል።

ኳስ። ለአዋቂ 5 ቁጥር፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም። ለሰፈር ታዳጊ ሴቶች ቡድን ከሆነ ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ግዙ። አፈርና ጠጠር ሜዳ ላይ የሚያብረቀርቀው የሣር ኳስ ልባሱ ቶሎ ይላጣል፤ ጠንካራ የጎማ ልባስ ያለውን ምረጡ። በጎሚስታ ቤት መንፊያ እንዲያው እስኪጠነክር መንፋት ስፌቱን ያፈነዳል፤ ርካሽ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ከአንድ ኳስ ዋጋ በላይ ያድናል። የተፈቀደው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው።

ታኬታ ላይ ተጠንቀቁ። በጅምላ «አንድ ዓይነት ለሁሉም» ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ የአብዛኞቹ ቁጥር ከ37 እስከ 41 ሲሆን ሱቁ ውስጥ በርካሽ የተከመረው 43 ይሆናል። ቡድኑ የሚለማመደው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከሆነ ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነውን ያዙ። ረጅም ጥርስ ሰው ሠራሹ ሣር ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፣ ሰውነት ሲዞር እግሩ አይዞርም፣ የጉልበት ጅማት የሚበጠሰውም እንዲህ ነው። ይህ ጉዳት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። የስፖርት ጡት ማስያዣም በግምት አይገዛም፤ ገንዘቡን ለአምበሏ ሰጥታችሁ ልኬታቸውን እነሱ ይምረጡ።

ገንዘብ ጨርሶ ከሌለ፣ ፊፋ 11 ፕላስ የተባለውን የማሟሟቂያ ፕሮግራም አትማችሁ ለታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ ስጡ። ነጻ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ጉዳት እንደሚቀንስ ተጠንቶ ተረጋግጧል። የሁለት ሦስት ገጽ ኮፒ ዋጋ ነው።

ሦስት ነገር ግን አትስጡ። ከጨዋታ በኋላ ለአንዲት ተጫዋች በእጇ ብር አትስጡ፤ በቡድኑ ውስጥ ቅናት ያመጣል፣ ለልጅቷም ከማይታወቅ ወንድ የሚሰጥ ገንዘብ ምን እንደሚያስከትል ይታወቃል። ክኒን፣ ቫይታሚን፣ የኃይል ዱቄት ወይም የባህል መድኃኒት አትስጡ። በፀረ ዶፒንግ ሕግ መሠረት ሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂዋ ራሷ ናት፤ «ደጋፊ ሰጠኝ» ማለት አያድናትም። ሦስተኛው ያረጀ ልብስ ነው፤ እናንተ የማትለብሱትን እነሱም አይለብሱትም። ስጦታውንም በፎቶ ሥነ ሥርዓት አታጅቡት። ደመወዝተኛ ባለሙያን እንደ ተረጂ አሰልፎ ማንሳት ድጋፍ አይባልም።

4. ስልክና ራዲዮ

ቀጥታ ስርጭት ካለ ከባለቤቱ ገጽ እዩ። ቆርጦ የለጠፈው ሌላ ገጽ ላይ የታየው ለሊጉ አይቆጠርም። በ360 ጥራት በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ ሦስት አራት ሆኖ በአንድ ቴሌቪዥን ማየት ዳታ ይቆጥባል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ገጹ ላይ አስተያየት ጣሉ፤ ጎሉን ማን አገባች፣ ኳሱን ማን አቀበለች የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ልብ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቆይቶ ለሚፈልግ ጋዜጠኛም መረጃ ይሆናል። የተጫዋቿን ሙሉ ስም ከነአባቷ በትክክል ጻፉ። በፍለጋ የሚገኘው እንዲያ ነው።

የስፖርት ራዲዮ ፕሮግራሞች በየቀኑ ለሰዓታት ስለ አርሰናልና ማንቼ ያወራሉ። ደውላችሁ አትውቀሷቸው፣ ወዲያው ይዘጋል። ይልቅ የተሠራ ነገር ስጧቸው፦ «ዛሬ አዳማ ላይ እንዲህ ተለያዩ፣ ጎሎቹን እነ እገሌ አስቆጠሩ» የሚል አጭር መልእክት፣ ጨዋታው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። አዘጋጁ ለማንበብ አሥር ሰከንድ ነው የሚወስድበት፣ በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ይጠብቃችኋል።

5. ደብዳቤው

ብዙ ደጋፊ የማይደርስበት፣ ወጪው ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ይህ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የክለቡ ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ ደብዳቤው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይግባ። ሰኔ መጨረሻ የገባ ወረቀት ፋይል ይሆናል እንጂ አይነበብም።

ግማሽ ገጽ ይበቃል። መጀመሪያ ያያችኋቸውን ጨዋታዎች በቀን ዘርዝሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ስንት ሆናችሁ እንደተገኛችሁ ጻፉና ፎቶ አያይዙ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ የሚለካ ነገር፦ የልምምድ ሜዳ ሰዓት፣ መርሐ ግብሩን በክለቡ ገጽ መለጠፍ፣ ወይም የታዳጊ ሴቶች ቡድን። አምስት ጥያቄ ያለው ደብዳቤ አንዱንም አያስመልስም። ክለቡ ወንዶቹን አፍሪካ ውድድር ላይ ለማሳተፍ የሚያስብ ከሆነ፣ የካፍ የክለብ ፈቃድ ደንብ የሴቶች ቡድን እንደሚጠይቅ በአንድ መስመር አስታውሱ፤ ከስሜት ይልቅ ይህ ይሠራል። ሃያ ሰው ስሙንና ስልኩን ጽፎ ይፈርም።

ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት አስገቡና በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የምትጠይቁት «ደብዳቤ ልከን ነበር» ብላችሁ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው።

ከእግር ኳስ ውጪ፣ ከአገርም ውጪ

ሩጫ ለሚወዱ፣ ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ የሚያዘጋጀው ቅድሚያ ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር አለ። የሚሮጡት ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንድ ደጋፊ ለእህቱ ወይም ለሠራተኛዋ መመዝገቢያውን ከፍሎ ጠዋት መንገድ ዳር ቢቆም ይበቃል። ቲሸርቱ ቶሎ ስለሚያልቅና ትንንሹ ልክ ቀድሞ ስለሚጠፋ ምዝገባው እንደተከፈተ ሂዱ።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ሎዛ አበራ በፈረንጆቹ 2024 የተቀላቀለችውን የሴቶች ክለብ፣ ዲሲ ፓወርን አስቡ፤ የሚጫወተው አውዲ ፊልድ ስታዲየም ነው። ርካሹ ወንበር ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዞ የተቀመጠ ቡድን ክለቡ በሚቀጥለው ኢትዮጵያዊት ሲፈልግ የሚያስታውሰው ነው። አገር ቤት ለመላክ ካሰባችሁ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ገንዘብ በባንክ ላኩና እዚያው ይገዛ፤ ብዛት ያለው አዲስ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ያስጠይቃል። ታኬታ ግን አሜሪካ ውስጥ የውድድር ዘመን ሲያልቅ በግማሽ ዋጋ ስለሚገኝ በተጓዥ ሻንጣ ሁለት ሦስት ጥንድ መላክ ያዋጣል። የአሜሪካ የሴቶች 7 ቁጥር አገር ቤት 38 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የተጫዋቿን የእግር ርዝመት በሳንቲ ሜትር አስለክታችሁ ተቀበሉ።