ከ1ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፦ ወላጆችና ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚመራው ራሱ ተምሮ ባለፈበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ግን ዛሬ የለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ የክፍሎቹ አደረጃጀትም፣ ፈተናውም፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያና መውጫውም ተቀይሯል። ለውጡ በአንድ ቀን ስላልመጣ አንዱን ሰምቶ ሌላውን ሳይሰማ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ጎበዝ ልጅ መረጃ አጥቶ ዓመት ሲያቃጥል ማየት በጣም ያሳዝናል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

የድሮውን መዋቅር ይዞ መቀጠል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሠራው መዋቅር 8-2-2 ነበር። ከ1 እስከ 8 አንደኛ ደረጃ፣ 9 እና 10 አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11 እና 12 ደግሞ ፕሪፓራቶሪ። 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ነበር። ያለፈ ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ያመራል።

አሁን መዋቅሩ 6-2-4 ነው። ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ አለ፤ የ1ኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜም 7 ዓመት ነው። (አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ “ይችላል” ብሎ 1ኛ ክፍል ለማስገባት የሚደረገው ሩጫ ልጁን ብዙ ጊዜ ኋላ ላይ ነው የሚጎዳው።) በ6ኛ እና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይሰጣል። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲቀር ብዙ ቤተሰብ “እሰየው፣ አንድ ጭንቀት ቀነሰ” ብሏል። ችግሩ ፈተናው ማንቂያ ደወልም ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ማንም አይመዝነውም። ወላጅ የሚያየው ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ “ከክፍሉ 4ኛ” ይላል፣ አማካዩ 85 ነው፣ ቤተሰቡ ደስ ብሎታል። 12ኛ ክፍል ላይ ያው ልጅ ግማሹን እንኳ አያገኝም። የትምህርት ቤቱ ነጥብ ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እንጂ ከአገሪቱ ተማሪዎች ጋር አያወዳድረውም።

ሌላው ጉዳት ደግሞ ይሄ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩትን ይነካል። 9ኛ እና 10ኛን “ገና ነው” ብሎ ያለፈ ተማሪ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ዓመት ሊያነብ ይቀመጣል። አይሆንም። 10ኛ ክፍል ሲያልቅ ያለፉ ዓመታትን አገር አቀፍ ጥያቄዎች አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ቤት ውስጥ አስፈትኑት። ያልተማረውን ይዝለል፤ የተማረውን ምን ያህል እንደያዘ ግን በአንድ ቅዳሜ ታውቃላችሁ።

እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ማየት

ልጆቻችን አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩበት ክፍል ከክልል ክልል ይለያያል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ7ኛ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ግን ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ይሰናከላል፤ ወላጅም “ሰነፈ” ይላል።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ምርጫ ጥያቄ ውስጥ “ከሚከተሉት መካከል ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?” የሚል ዓይነት አለ። ባዮሎጂውን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያነበው ያቺን “ያልሆነው” የምትለዋን አንዲት ቃል ይስታል። ከዚያ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ያጠቁራል። እውቀቱ አለ፣ ነጥቡ የለም። ይህን የሚያስተካክለው የባዮሎጂ አስጠኚ አይደለም። ከ5ኛ እና ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ እንግሊዝኛ ማንበብ ነው። የሳይንስ መጽሐፉን ራሱን ጮክ ብሎ ማንበብ እንኳ ብዙ ይረዳል።

“ሒሳብ ስለሚከብደኝ ሶሻል እገባለሁ”

11ኛ ክፍል ላይ ተማሪ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይም ሶሻል (የማኅበራዊ ሳይንስ) ስትሪም ይመርጣል። ሶሻልም ግን ሒሳብ ይፈተናል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ ፈተና) ለሁለቱም ስትሪም አሉ። ልዩነቱ ናቹራሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሲወስድ ሶሻሉ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ መውሰዱ ነው። ከሒሳብ ለመሸሽ የተመረጠ ስትሪም ከሒሳብ አያስመልጥም። ከጓደኛ ላለመለየት የተመረጠውም ሁለት ዓመት አያስኬድም።

50 በመቶን አቅልሎ ማየት

ድሮ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤ ዝቅ ሲል ብዙዎች ይገቡ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን በቀጥታ ለመግባት በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ፈተናውም ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ። በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እየተሻሻለ ነው፤ ግን ከአስር ተፈታኝ አንድ እንኳ አልሞላም።

በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ስለዚህ ለልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንፃውና ስለ ዩኒፎርሙ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። “ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንቱ 50 በላይ አመጣ?” በቁጥር የሚመልስላችሁን ትምህርት ቤት አክብሩት። “የእኛ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው” ብሎ የሚያልፋችሁን ደግሞ እናንተም እለፉት።

ሪሚዲያልን እንደ መግባት መቁጠር

50 ያላመጡ፣ ግን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ሪሚዲያል ወደሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይመደባሉ። ዶርም ይይዛሉ፣ ካፌ ይበላሉ፣ ቤተሰብም “ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ” ብሎ ይደግሳል። ሪሚዲያል ግን ሁለተኛ ዕድል እንጂ መግባት አይደለም። ጥቂት ወራት ተምረው ይፈተናሉ፤ የነጥቡ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከማዕከል ከሚላክ ፈተና ነው። 50 ያመጣ ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ይሆናል፤ ያላመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከቤት ርቆ በነፃነት የሚያልፉት የመጀመሪያ ወራት ብዙ ልጅ ያዘናጋሉ። ድግሱ ከውጤቱ በኋላ ይሁን።

የግል ኮሌጅን “ፈቃድ አላችሁ?” ብሎ ብቻ መጠየቅ

ገንዘብም ዕድሜም የሚበላው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ብዙ ሰው ቀድሞ በነበረው ስሙ፣ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ብሎ ያውቀዋል። እውቅናው ግን ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለተወሰነ የትምህርት መስክ፣ ለተወሰነ ደረጃ፣ በተወሰነ ካምፓስ ነው። የመደበኛውና የርቀቱም ለየብቻ ነው። ጊዜም አለው፤ ሲያልቅ ይታደሳል። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ እውቅና ኖሮት በነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ካምፓሱ ተፈቅዶለት ሌላ ከተማ የከፈተው ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል።

ቢሮው ግድግዳ ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በፍሬም ተሰቅሏል። ወላጅ ያየዋል፣ ይረካል፣ ይከፍላል። አይክፈል። ተጠግቶ ያንብብ። የመስኩ ስም ልጁ የሚመዘገብበት ነው? ዲግሪ ይላል? የየትኛው ካምፓስ ነው? ቀኑ አላለፈም? ከዚያ ደግሞ በባለሥልጣኑ በኩል ያረጋግጥ። “እውቅናው በሂደት ላይ ነው” የሚል መልስ ከመጣ፣ ክፍያውም በሂደት ላይ ይቆይ።

የመግቢያ መስፈርቱንም አትርሱ። የ12ኛ ክፍል መስፈርት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። ለግሉም ነው። መስፈርቱን ያላሟላ ተማሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ ቢገኝ እንኳ፣ ልጁ አራት ዓመት ከፍሎ ዲግሪ ከመያዙ በፊት የሚሰጠው መውጫ ፈተና ደጃፍ ላይ ይቆማል። ያኔ ኮሌጁ ክፍያውን ሰብስቦ ጨርሷል፤ የሚጎዳው ልጁ ነው።

ቴክኒክና ሙያን የወዳቂ ማረፊያ ማድረግ

ይህ አስተሳሰብ ከድሮው 10ኛ ክፍል የተረፈ ነው። ዛሬ ቴክኒክና ሙያ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ሥልጠናው በደረጃ ይሄዳል፣ የሠለጠነውም በብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይለካል። መስፈርቱን አሟልቶ ከደረጃ ሥልጠና ወደ ዲግሪ የሚሻገር አለ። ብዙ የሚሠራው ስህተት ሥልጠናውን ጨርሶ ሲኦሲ ሳይወስዱ መቅረት ነው። ያለ ምዘናው የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን ብዙ በር አይከፍትም። ምዘናውን ሥልጠናው ትኩስ ሳለ ውሰዱ።

ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንትን በስም መምረጥ

ምርጫ ሲሞላ ብዙ ተማሪ ዝነኛውን ዩኒቨርሲቲ ከላይ ያስቀምጣል፤ የቀረውን እንደመጣለት ይሞላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ተመሳሳይ አይደሉም። የምርምር፣ የአፕላይድና የአጠቃላይ ተብለው ተለይተዋል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ይሰጣል። ማስታወቂያቸውን ሳያዩ ቀኑ ያለፈባቸው አሉ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ የጋራ ኮርስ ይወሰዳል፤ ብዙው ዲግሪ አራት ዓመት የሆነውም በዚህ ነው። ዲፓርትመንት የሚገኘው በአብዛኛው በፍሬሽማን ውጤት ተወዳድሮ ነው። “ዋናው ነገር መግባቱ ነበር፣ አሁን ልረፍ” ያለ ተማሪ ሕክምናን ወይም ሶፍትዌር ምህንድስናን የሚያጣው በዚያው ዓመት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን በነፃ እንደሚማሩት መቁጠርም ስህተት ነው። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) የምትፈርሙት ውል ነው፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ይከፈላል። ስትፈርሙ አንብቡት፣ ኮፒውንም አስቀምጡት።

መውጫ ፈተናን የመጨረሻው ሴሚስተር ሥራ ማድረግ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም፣ መውጫ ፈተና ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ኮርሱን በሙሉ በጥሩ ውጤት ጨርሶም መውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪ የለም። የወደቀ በድጋሚ መፈተን ይችላል፤ ግን እስከዚያ ሥራ መፈለጊያ ወረቀት በእጁ አይኖርም።

ፈተናው ዋና ዋና ኮርሶችን ከየዓመቱ ያነሳል። በ2ኛ ዓመት ኖቱን የሸጠ ወይም ከስልኩ ላይ ያጠፋ ተማሪ በ4ኛ ዓመት ሲፈልገው አያገኘውም። ሃንድአውቱን በየሴሚስተሩ በኮርስ ስም ለይታችሁ አስቀምጡ። ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ የሚፈተኑት ኮርሶች ዝርዝር አለ፤ 2ኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ጠይቃችሁ ውሰዱት።

በወረቀት ላይ ያለ ስም

ትንሽ ይመስላል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የልጁ ስም ከ12ኛ ክፍሉ በአንድ ፊደል ይለያል። መታወቂያው ላይ ደግሞ ሌላ ነው። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የትውልድ ዘመኑ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የውጭ የትምህርት ዕድል ሲመጣ ወይም ቀጣሪ ማስረጃ ሲያጣራ ልጁ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ልጁ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ስሙን ፊደል በፊደል ከልደት ሰርተፍኬቱና ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። ስህተት ካለ ትምህርት ቤቱ መረጃውን ከመላኩ በፊት አሳርሙ። ከተላከ በኋላ ማሳረም ይቻላል፤ ግን ማመልከቻ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ብዙ ምልልስ ይጠይቃል።