ጃኬቴ ውኃ ያስገባ የነበረው በስፌቱ ነው
በሐምሌ ዝናብ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በሞተር ስወርድ፣ «ውኃ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠልኝ ጃኬት ደረቴን ያረጥበው ነበር። ገልብጬ ስመረምረው ጨርቁ ደህና ሆኖ ውኃው የሚሰርገው በስፌቱ ቀዳዳዎችና በዚፑ ጥርሶች መካከል መሆኑን አረጋገጥሁ። ስለዚህ አዲሱን ስመርጥ ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ ከዚፑም ኋላ ውኃ የሚመልስ ድርብ ጨርቅ ያለው መሆኑን አየሁ።

ከዝናቡ ይልቅ አስፋልቱ ስለሚያሳስበኝ፣ በትከሻና በክርን መከላከያዎቹ ላይ ኢኤን 1621-1 የሚለውን የአውሮፓ መለኪያ ምልክት ፈለግሁ፤ ደረጃ 2 ከደረጃ 1 ይልቅ የምቱን ኃይል ይበልጥ ይቀንሳል። ሞተሩ ላይ ተቀምጬ መሪውን ስይዝ ግን መከላከያው ከክርኔ ስለተንሸራተተ በልኩ አንድ ቁጥር የሚያንሰውን ጃኬት ወሰድሁ። የጀርባው ኪስ ስስ ስፖንጅ ብቻ ነበረበትና የጀርባ መከላከያ መለኪያ የሆነውን ኢኤን 1621-2 በሚያሟላ መከላከያ ተካሁት። አሁን ሸሚዜ ሳይርስ ቢሮ እገባለሁ።