ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ ቀለም እንዴት ይታተማል?

የስክሪን ፕሪንት (በተወጠረ መረብ ቀለም አሳልፎ ጨርቅ ላይ የማተም ሥራ) ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጥቁር ቲሸርት ላይ ይደርሳል። ነጭ ቲሸርት ላይ ጥቁር ማተም ቀላል ነው። ነጩ ግን ጥቁር ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል። ያኔ ሁሉም ቀለሙ ላይ ያላክካል። እኔን ብትጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስክሪኑና የሙቀቱ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ፕላስቲሶል፣ ማለትም በሙቀት ካልበሰለ ስለማይደርቀው ፕላስቲክ ነክ ቀለም ነው፤ በውሃ የሚሠራው ስክሪኑ ላይ ስለሚደርቅ የራሱ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ ስክሪኑ፣ ማለትም ፍሬም ላይ የተወጠረው መረብ። ነጭ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መረብ ይፈልጋል፤ በአንድ ሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ጥሩ መነሻ ነው። ምስሉ ቀጫጭን መስመር ካለው ግን ወደ 60 ገደማ ውጡ። መረቡ እንደ ከበሮ የተወጠረ ይሁን። የላላ መረብ ከቲሸርቱ ጋር ይጣበቅና ጠርዙን ያበላሻል።

መረቡን ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና እጠቡት። ሲደርቅ ኢመልሽኑን (ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክረውን ፈሳሽ) በደብዛዛ ቢጫ መብራት፣ በሁለቱም በኩል በስሱ ቀቡ። ቲሸርቱን የሚነካውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አድርቁት። በደንብ ሳይደርቅ ብርሃን ካገኘ ምስሉ በውሃ ሲታጠብ አብሮ ይላጣል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የብርሃኑን ሰዓት ለማወቅ አንድ ፊልም (ምስሉ በጥቁር የወጣበት ግልጽ ፕላስቲክ) ስክሪኑ ላይ አስቀምጡና ብርሃኑ እየበራ በካርቶን ደረጃ በደረጃ ሸፍኑት። ሲታጠብ ትክክለኛው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ራሱ ይታያል።

ፊልሙን ዛሬ ፕሪንተር ያወጣዋል። ድሮ ግን ሩቢሊዝ የሚባለውን ቀይ ፊልም በስለት እየቆረጡ ነበር የሚያዘጋጁት፤ አንድ ፊደል ላይ እጅ ካመለጠ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ይህን ያየ ሰው ዛሬ ፕሪንተሩ ዘገየ ብሎ አያማርርም! መረቡም ራሱ ሐር ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሲሞን በ1907 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በሐር መረብ ማተምን ነው፤ ዛሬ የምንጠቀመው ፖሊስተር ነው።

አሁን ወደ ማተሙ። ቲሸርቱን ከስክሪኑ ሥር ባለው ጣውላ ላይ በማጣበቂያ አስይዙት፤ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ሁለተኛው ንብር ከመጀመሪያው ላይ አያርፍም። በስክሪኑና በቲሸርቱ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ። ነጩን ቀለም ሳታማስሉት አትጀምሩ፤ ከቆርቆሮው እንደወጣ ደርቆ የረጋ ይመስላል፣ ሲማሰል ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ሳትጫኑ ቀለሙን በምስሉ ላይ ዘርጉት፣ ቀጥሎ ስክዊጂውን (ቀለሙን የሚገፋውን የጎማ መጥረጊያ) ከቁም ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ በአንድ ፍጥነት ጎትቱት። ብዙ ሰው ነጩ ሳሳ ብሎ ሲያየው ጉልበት ይጨምራል። ስህተት ነው። ግፊቱ ቀለሙን ከላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ጨርቁ ውስጥ ይከተዋል፣ ጥቁሩም ይታያል።

የደመቀ ነጭ የሚገኘው ከሁለት ስስ ንብር ነው። የመጀመሪያውን አትሙ፣ በሙቀት ጥቂት ሴኮንድ አስይዙት፣ በጣት ስትነኩት ካልለቀቀ ሁለተኛውን ድገሙ። እዚህ ላይ ሙቀቱን ካበዛችሁ ሁለተኛው ንብር በደንብ አይይዝም፤ የጋለው ጣውላ ደግሞ ቀለሙን ስክሪኑ ውስጥ ማጠንከር ይጀምራል።

የመጨረሻው ማብሰል ነው። አብዛኛው ፕላስቲሶል 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈልጋል (ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ)። ዋናው ነገር ሙቀቱ እስከ ንብሩ ታች መድረሱ ነው። ላዩ ደረቀ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። በርቀት የሚለካው ቴርሞሜትርም የሚነግራችሁ የላዩን ብቻ ነው። እርጥበት ያለው ጥጥ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ትንሽ ጊዜ ጨምሩለት። ሲቀዘቅዝ ህትመቱን ሳብ አድርጋችሁ እዩት፤ ከተሰነጠቀ አልበሰለም። ሳታስረክቡ አንዱን በማሽን እጠቡ።

ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሙቀት አይወድም። የጨርቁ ቀለም ይተንና ወደ ነጩ ይገባል፣ በተለይ ቀይ ቲሸርት ላይ ሮዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዴም የሚታየው ታጥፎ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ለእሱ በዝቅተኛ ሙቀት የሚበስል፣ ለፖሊስተር ተብሎ የተሠራ ነጭ ግዙ።