በጊዜያዊ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ደሴቶች ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በእጃቸው ያለው ግሪን ካርድ ሳይሆን በተለምዶ ቲፒኤስ የምንለው ጊዜያዊ ከለላ፣ ፓሮል (ያለ መደበኛ ቪዛ ለተወሰነ ጊዜ በአገር ውስጥ ለመቆየት የሚሰጥ ፈቃድ) ወይም ገና ውሳኔ ያላገኘ የጥገኝነት ማመልከቻ ነው። ለዓመታት አገር ቤት መሄድ ስላልቻሉ፣ ለሠርግም ሆነ ለዕረፍት ከአሜሪካ ሳይወጡ የሚደርሱበትን ቦታ ሲያፈላልጉ ፖርቶ ሪኮና ቨርጂን አይላንድስ ቀድመው ይነሣሉ። ጉዞው የሚቻል ነው፤ አደጋው ያለው ከመድረሻው ይልቅ በመንገዱና በመመለሻው ላይ ስለሆነ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የአሜሪካ ባንዲራ የሚውለበለብበት ቦታ ሁሉ በኢሚግሬሽን ሕግም አሜሪካ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሕጉ «ዩናይትድ ስቴትስ» ሲል ከክፍለ ግዛቶቹ በተጨማሪ ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምን፣ የአሜሪካ ቨርጂን አይላንድስን እና ከኖቬምበር 28 ቀን 2009 ጀምሮ የሰሜን ማሪያና ደሴቶችን በስም ይጠቅሳል። አሜሪካን ሳሞአ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ የመግቢያ ፈቃድ የምትሰጠውና የምትከለክለው በራሷ ሕግ ነው። ስለዚህ ከሆኖሉሉ ተነሥቶ በአሜሪካን ሳሞአ ዋና ከተማ በፓጎ ፓጎ የሚያርፍ ሰው፣ ከአሜሪካ ግዛት ወደ አሜሪካ ግዛት የበረረ ቢመስለውም፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ከአገር እንደወጣ ይቆጠራል። ከአገር መውጣት ደግሞ ለጊዜያዊ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም። ፓሮል ባለቤቱ ከአገር በወጣበት ቅጽበት ያበቃል፤ ያለ ቅድመ ፈቃድ የወጣ ጥገኝነት ጠያቂ ማመልከቻውን እንደተወ ይገመታል፤ የቲፒኤስ ተጠቃሚም ያለ ፈቃድ ከወጣ ከለላውን ሊያጣና መመለሻ ሊያጥረው ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት መድረሻውን አጣርቶ መንገዱን አለማየት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ወደ ፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን በቀጥታ መብረር የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ በሳንቶ ዶሚንጎ ወይም በፓናማ በኩል የሚያልፍ ትኬት ሲገዛ ግን፣ ተጓዡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ሁለት ሰዓት ብቻ ትራንዚት ቢያደርግም፣ የውጭ አገር መሬት ረግጦ የሚመለስ ሰው ነው። ወደ ጉዋም የሚሄድም በሆኖሉሉ በኩል በሚደረግ ቀጥታ በረራ እንጂ በቶኪዮ፣ በሴኡል ወይም በማኒላ በኩል መሆን የለበትም።

ብዙ ሰው ይበልጥ የሚዘናጋው በባሕር ጉዞ ነው። ቨርጂን አይላንድስ የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ግዛቶችን ይጠራል፤ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ጆንና ሴንት ክሮይ የአሜሪካ ሲሆኑ፣ ቶርቶላና ዮስት ቫን ዳይክ የእንግሊዝ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ባሕር እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ በሴንት ጆን ሰሜናዊ ዳርቻ የቆመ ሰው ማዶ ያለውን ተራራ በግልጽ ያየዋል፤ ስልኩም የማዶውን ኔትወርክ ይዞ ወደ ሌላ አገር እንደገባ የሚነግር መልእክት ሊያሳየው ይችላል። በመልእክቱ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ድንበር የሚሻገረው ሰውየው እንጂ ስልኩ አይደለምና። ከሴንት ቶማስ ሬድ ሁክ ወደብ ወደ ሴንት ጆን ክሩዝ ቤይ የሚወስደው ጀልባ የአገር ውስጥ ነው። ሆኖም ከዚያው አካባቢ ወደ ቶርቶላና ወደ ዮስት ቫን ዳይክ የሚሄዱ ጀልባዎችም ይነሣሉ፤ ሆቴሎች «የደሴቶች ጉብኝት» ብለው የሚሸጡት የአንድ ቀን ሽርሽርም እነዚህን ቦታዎች ሊያካትት ይችላል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለሱ ምንም ለውጥ አያመጣም። ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት የሚቆምባቸውን ደሴቶች ስም አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ፓስፖርት ያስፈልጋል ከተባሉ በመሬት ይቅሩ። የክሩዝ መርከብም እንዲሁ ነው፤ ከማያሚ ወይም ከሳን ሁዋን ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለስ መርከብ በመካከሉ ናሳው፣ ሲንት ማርተን ወይም ኮዙሜል ላይ ከቆመ ጉዞው የውጭ ጉዞ ነው። የመርከብ ኩባንያው ትኬቱን መሸጡ ተመልሶ ለመግባት ዋስትና አይሆንም።

ሌላው ስህተት የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ የሚጠይቀኝ የለም ብሎ ወረቀትን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ከቨርጂን አይላንድስ ወደ ዋናው ምድር ወይም ወደ ፖርቶ ሪኮ የሚበር መንገደኛ፣ አውሮፕላን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መኮንን ፊት ያልፋል፤ ዜጎችም ሳይቀሩ ዜግነታቸውን ይጠየቃሉ። ሲሄዱ መንጃ ፈቃድ ብቻ አሳይተው የተሳፈሩ ሰዎች ሲመለሱ ግራ የሚጋቡት በዚህ ምክንያት ነው። በጉዋምም በመመለሻው ላይ ተመሳሳይ ምርመራ አለ፤ በፖርቶ ሪኮ ደግሞ ሻንጣ ለእርሻ ምርቶች ቁጥጥር የሚፈተሽ ከመሆኑም በላይ የድንበር ጥበቃ ኃይል በደሴቲቱ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ጊዜው ያላለፈ የሥራ ፈቃድ ካርድ፣ የቲፒኤስ ማጽደቂያ ደብዳቤ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻ ደረሰኝ፣ አይ-94 (ወደ አሜሪካ የገቡበት መዝገብ) እና ፓስፖርት በአንድ ማኅደር ሆነው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፤ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይሁኑ። ቅጂያቸውን ቤት ለቀረ የታመነ ሰው ይስጡ፤ የጠበቃዎን ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።

በዚህ የድንበር ጥበቃ መኮንን ፊት የሚፈጸም አንድ ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው። መኮንኑ በፍጥነት «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከድንጋጤ ወይም ጥያቄውን በደንብ ካለመስማት የተነሣ «አዎ» ብሎ ማለፍ የሚቃጣው ሰው አለ። ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር ዕድሜ ልክ የሚዘልቅና ለአብዛኛው ሰው ምሕረት የሌለው መሰናክል ነው፤ በኋላ በትዳር የሚመጣን ግሪን ካርድ እንኳ ሊዘጋ ይችላል። ጥያቄው ካልገባዎት እንዲደገምልዎ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ያለዎትን ፈቃድ በስሙ ይናገሩና ካርዱን ያሳዩ።

የቀድሞ የፍርድ ቤት ታሪክ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ጉዞ ጠበቃ ሳያማክር ሊያስበው አይገባም። የቀጠሮ ደብዳቤ በአሮጌ አድራሻ ተልኮ፣ በሌሉበት የመባረር ትእዛዝ የተወሰነባቸውና ይህንንም የማያውቁ ሰዎች አሉ። በኤ-ቁጥር (በኢሚግሬሽን ወረቀቶችዎ ላይ ባለው መለያ ቁጥር) የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱን መዝገብ በድረ ገጽ ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ይህ ቤት ሆኖ መታወቅ ያለበት ነገር ነው እንጂ በሴንት ቶማስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ የሚታወቅ መሆን የለበትም። የወንጀል ክስ ያለበትም እንዲሁ።

ቀንን አለማመሳከርም ብዙ ጣጣ ያመጣል። የኢትዮጵያ ቲፒኤስ በዲሴምበር 2022 ተሰጥቶ በ2024 ታድሶ ነበር፤ በዲሴምበር 2025 ግን መንግሥት እንደሚያቋርጠው አስታውቋል፤ የሚያበቃበት ቀን በውሳኔ ሊቀየር የሚችል ነገር ነው። ትኬት ሲገዙ የነበረው ሁኔታ በሚመለሱበት ዕለት ላይኖር ስለሚችል፣ ከመነሻው ሳምንት በፊት የኢሚግሬሽን አገልግሎቱን ይፋዊ ገጽ ይመልከቱ፤ የካርዱ ማብቂያም ከመመለሻው ቀን በበቂ ሁኔታ የራቀ ይሁን።

ጉዞው የግድ የውጭ አገር ወደብ የሚነካ ከሆነ፣ በአይ-131 ቅጽ የጉዞ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ ለቲፒኤስ ተጠቃሚ የሚሰጠው ሰነድ አይ-512ቲ ይባላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ማመልከቻው ገብቷል ተብሎ ደረሰኙን ብቻ ይዞ መነሣት ነው። የጸደቀው ሰነድ በእጅዎ ሳይገባ ከአገር አይውጡ፤ የክሩዙ ትኬት ገንዘብ የማይመለስ ከሆነም ሰነዱ እስኪደርስ አይግዙት።