ሐረርን በአንድ ቀን ተኩል እንዴት እንያት?

ሐረር ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ሆቴሉ፣ ጫማው፣ ካሜራው በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ በቅጡ ሳያይ የሚመለሰው የሚያይበት ቦታ አጥቶ አይደለም፣ የሚሄድበት ሰዓት ስቶ ነው።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የሆነብኝ ይኸው ነው። ጠዋቱን ሆቴል ውስጥ አሳልፌ፣ ቁርሴን ተዝናንቼ በልቼ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጁገል ገባሁ። ሱቁ ዝግ ነው። ሙዚየሙ ዝግ ነው። መንገዱ ላይ ጥላ ፈልጋ ከግድግዳ ከተለጠፈች ድመት በቀር ማንም የለም። ባጃጁ ውስጥ ጋደም ያለ አንድ ሹፌር ቀና ብሎ አየኝና «አቦ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይወጣል? አስር ሰዓት ላይ ተመለስ» አለኝ። ልክ ነበር። ሐረር ከምሳ በኋላ አረፍ ትላለች፤ ፀሐዩ አለ፣ ሶላቱ አለ፣ በርጫው አለ። አስር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያ ጭር ያለ መንገድ እንዳልነበር ሆኖ ይሞላል። የአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ብቻ ያለው ሰው ይህንን አውቆ ካልሄደ ግማሹን ጉብኝት ዝግ በር ሲያይ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የምመክራችሁ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድረሱ፣ ማታውን ተጠቀሙበት፤ በሁለተኛው ቀን በጠዋት ተነሱ፣ ቀትር ላይ ከከተማው ጋር እረፉ፣ አመሻሹ ላይ ግንቡን ዞራችሁ ውጡ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። አጭር ጊዜ ላለው ሰው እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላን ይሻላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከድሬ ሐረር ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ሞልቷል። የቻላችሁ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። የድሬን ሙቀት ጥላችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ይታወቃችኋል፣ ሐረር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ነው ያለችው። ወደ ከተማዋ ስትቃረቡ አወዳይን ታልፋላችሁ፤ የጫቱን ንግድ ግርግር ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ።

ማደሪያ ላይ የእኔ ምርጫ ጁገል ውስጥ ነው። ሐረሪ ቤተሰቦች የራሳቸውን ቤት ለእንግዳ ያዘጋጁባቸው ማደሪያዎች አሉ። መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ውሃም አንዳንዴ ይጠፋል። ግን ሌሊት የምትተኙት እዚያው ግንቡ ውስጥ ነው፣ የሱብሂ አዛን ሲቀሰቅሳችሁ በሩን ከፍታችሁ ብትወጡ የምታገኙት መንገድ የቀን ጎብኚ የማያየው ነው። ምቾት ለሚፈልግ ደግሞ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ሆቴል አለ።

አሁን አስር ሰዓት ሆኗል እንበል። በሐረር በር ግቡ። ጁገል ከጥንት ጀምሮ የነበሩት በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። ሐረር በር ስድስተኛው ነው፣ በኋላ የተከፈተ፣ መኪናም የሚያስገባ። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ፈረስ መጋላ ትደርሳላችሁ፣ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ውረዱ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ፣ ጨርቅ ገዝታችሁ ብትሰጧቸው ቶሎ ሰፍተው ያስረክቧችኋል። መንገዱ ግድር መጋላ ያወጣችኋል፣ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። እዚያ ሥጋ የያዘ ሰው ጠንቀቅ ይበል፣ ጭልፊቶቹ ከላይ ይዞራሉ፣ ከእጅ መንጠቅ ያውቁበታል።

ከዚህ በኋላ ካርታውን ኪሳችሁ ክተቱት። ከምሬ ነው። ጁገል ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፣ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል። ብትጠፉ እንኳ አንድ አቅጣጫ ይዛችሁ ከተጓዛችሁ ግንቡ ያስቆማችኋል፣ ግንቡን ተከትላችሁ ስትሄዱ በር ታገኛላችሁ፣ በር ጋ ደግሞ ባጃጅ አይጠፋም። ግድግዳዎቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ ናቸው፣ የበዓል ሰሞን ስለሚቀቡ ደግሞ እድሜያቸውን ይደብቃሉ። አንዱ መንገድ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ የዕርቅ መንገድ ይሉታል፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ ሳይነካኩና ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉማ። ሰው ባለበት መንገድ ላይ ሰላምታ አትርሱ። «አሰላሙ አለይኩም» ብላችሁ ያለፋችሁበት ቤት ተመልሳችሁ መንገድ ብትጠይቁ ልጅ አስከትለው ነው የሚልኳችሁ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለጅቦቹ ተዘጋጁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚመጡት፣ ፈላና በርና ሰንጋ በር ውጭ የሚመገቡባቸው ቦታዎች አሉ። ባጃጅ ያዙ፣ ሹፌሩ እስክትጨርሱ እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፣ የሚያበላውንም ሰው ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የምታዩት ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ዓይኖች ነው። ከዚያ ጀርባቸው ያዘቀዘቀ፣ አንገታቸው የደነደነ፣ ሲራመዱ ድምፅ የሌላቸው እንስሳት አንድ በአንድ ይቀርባሉ። ሰውዬው በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ይሰጣችኋል፣ ጅቡ ከእጃችሁ ይወስደዋል፣ እስትንፋሱ እጃችሁ ላይ ሲያርፍ ይሞቃል። አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ የሚላችሁን ብቻ አድርጉ። ልጆች ካሉ ደግሞ ካልፈለጉ አታስገድዷቸው፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ማየትም ማየት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይህ ለቱሪስት ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ግንቡ ላይ ከጥንት ጀምሮ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌሊት ገብተው የከተማውን ቆሻሻ ያነሳሉ፤ በአሹራ ቀን ደግሞ ሐረሪዎች ገንፎ አገንፍተው ለጅቦች ያቀርባሉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ቁርስ ፈጢራ ይሁን፣ በእንቁላል ወይም በማር። ከዚያ ሸዋ በር ገበያ፦ ቅመም፣ ዕጣን፣ ከገጠር በማለዳ የገቡ እናቶች የሚሸጡት አትክልትና እንጨት። በአንዴ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ትሰማላችሁ፣ አንዷ ሻጭ አራቱንም እየቀያየረች ስትደራደር ቆማችሁ ብታዳምጡ አታፍሩም። ፎቶ ሳትጠይቁ አታንሱ። ፊቷን ያዞረች ሴት መልሷን ሰጥታችኋለች፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ።

ሦስት ሰዓት ላይ የሐረሪ ቤት ግቡ። በዚህ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢኖራችሁ ይሄን በሉ። በማደሪያነት የሚያገለግሉት ቤቶች በትንሽ ክፍያ ያሳያሉ፣ መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ከያዛችሁ ደግሞ እሱ ያስገባችኋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ስትገቡ ሳሎኑ ወንበር የለውም፣ በምትኩ ነደባ የሚባል ከወለሉ ከፍ ከፍ ያለ መደብ አለ፣ አምስት ነው፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሰ። ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው፤ የአባወራው ቦታ አለ፣ የትልልቅ ሰዎች አለ፣ የልጆች አለ። ስለዚህ ደፍራችሁ አትቀመጡ፣ «የቱ ጋ ልቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ባለቤቲቱ ደስ ይላታል። መደቡ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦርና በሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር መካከል በተደረገው ውጊያ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ፣ ይህን ሲነግሯችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ። ቀና ስትሉ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። ሰፌዶቹ ላይ ያለውን ስፌት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ አንዱን ለመጨረስ ወራት የሚወስድ ሥራ አለ፣ እናት ለልጇ የምታወርሰው ነው። በሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጦ ካያችሁ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል ኪርታት ትባላለች፣ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት። ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ቡና ወይም ቁጢ ካቀረቡላችሁ እምቢ አትበሉ። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፣ እንደ ሻይ ይጠጣል።

ከሙዚየሞቹ ሁለቱን ለማየት ጊዜ አላችሁ፣ ግን አንድ ብቻ ከሆነ ሸሪፍ ሙዚየምን ምረጡ። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ ሰው ለዓመታት የሰበሰቡት ቅርስ ነው፦ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ። ያለበት ቤት ደግሞ የራስ ተፈሪ ቤት ነው፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ሁለተኛው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በአውሮፓውያኑ 1880 ነበር ሐረር መጥቶ ንግድ የጀመረው፣ በ1891 ታሞ ወጥቶ በዚያው ዓመት ማርሴይ ውስጥ አረፈ። ቤቱ ግን እሱ የኖረበት አይደለም፣ የሕንድ ነጋዴ የሠራው ነው፣ እና ለገጣሚው ብላችሁ ሳይሆን ለቤቱ ብላችሁ ሂዱ። የእንጨት ሥራው፣ የተሳለው ጣሪያ፣ ባለቀለም መስኮቱ ያምራል። ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ ጁገልን ከላይ እዩት፣ ትናንት የጠፋችሁበትን መንገድ ትለዩታላችሁ።

ዩኔስኮ ሐረርን በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ ግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች ቆጥሯል፣ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፣ 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ማረፊያዎችም አሉ። ሁሉን ልያቸው አትበሉ። ጃሚ መስጊድን ሙስሊም ካልሆናችሁ ከውጭ እዩት፣ የአሚር ኑርን መቃብር ደግሞ አትለፉ፤ አረንጓዴ ሹል ጉልላት አለው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶች አንድ ሻሽ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ስድስት ሰዓት ላይ በቃ። ምሳ ብሉ፣ የግመል ሥጋ ካልሞከራችሁ እዚህ ሞክሩ፣ ከዚያ ተኙ ወይም ጥላ ፈልጉ። ይህን ሰዓት ለመጠቀም ብላችሁ አትንከራተቱ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ክፍል ነው። በኤረር በር ውጡና ግንቡን በውጭ በኩል ተከትላችሁ እስከ ሰንጋ በር፣ ጉልበት ካለ እስከ ቡዳ በር ሂዱ። ከውስጥ ሆኖ ያልታየው የግንቡ ቁመት ከዚህ ነው የሚታየው፣ አራት ሜትር ገደማ። ከታች በኩል የጅቦቹን ቀዳዳዎች ፈልጉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩ ወርቅማ ይሆናል፣ ፎቶ የሚወድ ሰው ይህን ሰዓት ይጠብቅ።

ቀን ስትመርጡ ዓርብን ተዉት፣ ጁምዓ ስለሆነ ጠዋቱ ያጥራል። ረመዳን ላይ ቀኑ ጭር ይላል፣ ማታው ግን ይደምቃል፣ ስለዚህ ለማታ ሰው እንጂ ለጠዋት ጎብኚ አይሆንም። በተቃራኒው ከረመዳን በኋላ፣ የሸዋል ስድስቱ ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረው ሹዋሊድ ላይ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፣ ከተማው በዚክርና በከበሮ ያድራል። ብቻ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

ለቤት የሚገዛው ቡና ነው፣ ጣፋጮቹ ሙሸበክና ሐልዋ ይከተላሉ። ቡናውን ዕለቱን የተቆላ፣ ሳይፈጭ ውሰዱ። ሰፌድ ከገዛችሁ ሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ እንዳይጭኑባችሁ፣ ጠርዙ ይሰበራል፤ ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡትና ሳይመሽ ወደ ድሬ ውረዱ።